ሳልመነኩስ የመነኮስኩበት ፈትል

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ፤ አልመነኮስኩም። ኦክላንድም ሆነ ሳን ሆዜ ያላችሁ፣ «ሰውዬው ቆብ ደፋ፣ ዓለምን ናቀ» ሲባል ሰምታችሁ «እሰይ፣ የታደለ!» ያላችሁ ሁሉ ቃላችሁን መልሱ። ዓለምን አልናቅሁም። ዓለም እኔን ትንሽ ሳትንቀኝ አልቀረችም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ዘወርወር እያልኩ ነው የምነግራችሁ። በዚህ ዕድሜ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር የለኝም፤ ጉልበቴም ወሬዬም።

መነሻው የባለቤቴ መሄድ ነው። ልጃችን ሰናይት ዳላስ ላይ ሴት ልጅ ወለደችና ባለቤቴ የሺ ልታርሳት ሄደች። የያዘችው አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ሳደርሳት «ብቻህን ትችለዋለህ?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሂጂ እባክሽ! አንቺን ሳላውቅ አላደግሁም እንዴ?» አልኳት። ይኼን ያለ አፍ ከዚያ በኋላ እንቁላል ሲበላ ከረመ።

ለክርስትናው ዳላስ ሄጄ ነበር። አብረን እንመለሳለን ብዬ ጸጉሬን ሁሉ ተቆርጬ ነበር የሄድኩት። «ሕፃኗ ትንሽ ትጠንክር» አለችኝና ብቻዬን ተመለስኩ። ሕፃኗ ጠነከረች። ቀጥሎ «ሰናይት ሥራ ልትመለስ ነው» መጣ። ቀጥሎ «እዚህ ያለው የሕፃናት መዋያ አላማረኝም» መጣ። ሰናይት ራሷ ስልኩን ተቀብላ «አባዬ፣ ለምን አንተም አትመጣም? ክፍል አለን» ብላኝ ነበር። እንዴት ተደርጎ! ልጅ ድሬ፣ አማቼ ቤት ተጠግቼ፣ የማለዳ ዜና ማየት ሲያምረኝ ማስፈቀድ? «ሥራዬን ለማን ጥዬ?» አልኳት። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ዳውንታውን ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት መቀበል ነው። እኔ ከሌለሁ ከተማው መኪናውን የት ያቆማል!

በየስልኩ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» እላለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ቤቱ ዝም ይላል። የሺ እያለች ቴሌቪዥን ስከፍት ከጓዳ «ቀንሰው!» ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያማረረኝ ቃል ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደርግና ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ማንም አይናገረኝም። ትንሽ ቆይቼ ራሴ ተነሥቼ እቀንሰዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «እንዝርቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከነባዘቶው እፈልገዋለሁ።»

የሺ ፈታይ ናት። ባዘቶውን፣ ያን ተዳምጦና ተነድፎ የተዘጋጀውን ጥጥ፣ ከአገር ቤት በሰው ታስመጣለች። ኦክላንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ትፈትለዋለች። ልቃቂቱን መልሳ ትልካለች፤ ሸማኔ ጋቢ ያደርገውና እንደገና ይመጣል። ያ ጥጥ ከእኔ የበለጠ አውሮፕላን ተሳፍሯል። እንዝርቷን ትታ ስትሄድ ልቤ ያረፈው ለዚህ ነበር፤ የምትመለስ ሰው ናትና። አሁን ግን እንዝርቷን አስልካ ልትቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ የክርስትናና የሠርግ ዕለት ብቻ የምጠራ ባል መሆኔ ነው።

«እ... እንዝርቱን አላየሁትም። እፈልገዋለሁ» አልኳት። እንዝርቱ ፊት ለፊቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጋድሟል፤ እኔና እሱ ተያየን።

በዚህ ሰሞን ነው ጌሪን ያገኘሁት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡዜ ጋ መኪና መጥቶ ቆመ። መስኮቱ ወረደ፤ እጅ ግን አልወጣም። ጎንበስ ብዬ ባይ ሾፌሩ ከአንገቱ እስከ ጣቱ ብረት ለብሷል። የክርኑ ብረት አልታጠፍ ብሎት ቲኬቱን በጥርሱ ነክሷል። ከኋላው ያሉት ጡሩንባቸውን ይነፋሉ። ከቡዜ ወጥቼ እንደ ጥርስ ሐኪም አፉን አስከፍቼ ቲኬቱን ወሰድኩለት። ሰውዬው ብረቱ እስከፈቀደለት ድረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጥንት እንግሊዝኛ «ደግነትዎ አይረሳኝም፣ ክቡር ጌታዬ» አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሐኪም ቤት የምትቀመጠዋ የልጄ ታናሽ የምትሆን ልጅ እንኳን በስሜ ብቻ ነው የምትጠራኝ፤ እሱንም አጣማ። በአሜሪካ ምድር ስኖር ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ የነሣኝ ሰው ይኼ የመጀመሪያዬ ነበር። «የት ነው እንዲህ የሚባለው?» አልኩት። «ሳን ሆዜ፣ መናፈሻው ውስጥ። እሑድ ከሰዓት ይምጡ» አለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ኩፐርቲኖና ሳኒቬል ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከዘመናት በፊት የነበረ የአውሮፓ ሰው ይሆናል። አንዱ ሰይፍ ይቀጠቅጣል፣ አንዷ ድንኳን ውስጥ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ አንዱ ዳቦ በድንጋይ ይጋግራል። ጌሪ የሶፍትዌር ኢንጂነር ነው፤ እዚያ ግን ባሮን ነው። ሌላው መስፍን ነው፣ ሌላዋ እመቤት ናት። እኛ አገር መሳፍንቱን ከነማዕረጋቸው ጠርገን የጣልነው ጊዜ፣ ማዕረጉ የት ገባ እያልኩ አስብ ነበር። የሳኒቬል ኢንጂነሮች ለቅመው ወስደውታል።

እኔንም ወዲያው «ክቡር ጌታዬ» አሉኝ። ሽማግሌ ነኝና ወንበር አመጡልኝ። የጌሪ ሚስት ጁዲ ቡናማ ካባ ሰፍታ ሰጠችኝ፤ ኮፍያው ከራሱ ጋር የተሰፋ፣ መታጠቂያው ገመድ። ብርድ ስለሆነ ነው የለበስኩት ብል ውሸት ነው። አምሮብኛል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ የእጅ ሥራ ፈተና ይለዋወጣሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና አንዱ ለሌላው እሱ ራሱ የሚያውቀውን፣ ያ ሰው ግን በዕድሜው ሞክሮት የማያውቀውን የጥንት ሥራ ይሰጠዋል። ማሽን የሚባል ነገር አይነካም። በተቀጠረው ቅዳሜ ሁሉም የሠራውን ያቀርባል፤ ያልሠራ የግብሩን ድስቶች ያጥባል። እኔና ጌሪ ተጣመርን።

ለጌሪ ጅራፍ ሰጠሁት። ቃጫውን ራሱ እንዲገምድ፣ ገምዶም እንዲያጮኽ። በልጅነቴ ሰፈሩን ሁሉ ያስመረርኩበት ሥራ ነው። ጌሪ ደስ አለው። ከዚያ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛው ያ ግዙፍ ሰው እጁን ከከረጢቱ ከተተና ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? እንዝርት።

«ይኼማ የሴት ሥራ ነው!» አልኩት።

ጢሙን አሻሸ። «እኔ ሴት እመስላለሁ?»

«እኛ አገር ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም።»

«እንግዲያው ሠርተውት አያውቁም ማለት ነው። ሕጉም ይኸው ነው፣ ክቡር ጌታዬ።»

እሱ ባሮን ነው፤ ምን ልበል? እንዝርት አለኝ፣ የራስህን ያዝ ብዬው ሄድኩ።

ጉዴን የምታውቁት አሁን ነው። የየሺን ባዘቶ ላለመንካት ብዬ መጀመሪያ ፋርማሲ ሄጄ ለቁስል የሚሆን ጥጥ ገዛሁ። ያ ጥጥ ክር መሆን አይፈልግም። ስጎትተው ይበጠሳል፣ ሳልጎትተው ይበጠሳል፣ ሳየውም የሚበጠስ መሰለኝ። በመጨረሻ የሺን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ ከረጢቷን ፈታሁ። ከውስጡ የሷ ሽታ ወጣ፤ ቅቤ አይደለም፣ ሽቶም አይደለም፣ ቁም ሣጥናችን ውስጥ የኖረ የሷ የሆነ ነገር። ከረጢቱን መልሼ አሰርኩት። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ፈታሁት። ያን ቀን ምንም አልፈተልኩም።

ቤት ውስጥ መፍተል ያቅተኛል፤ ቡዙ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓቴ ካባዬን ደርቤ፣ ለጆሮዬ ብርድ ጥቁር የሹራብ ቆብ ደፍቼ፣ የካባውን ኮፍያ ከላዩ ጥዬ ከቡዜ ብዙ በማይርቀው ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር እቆማለሁ። እንዝርቱን አሽከረክራለሁ፤ ክሩ ይበጠስና እንዝርቱ ይወድቃል። ጎንበስ ብዬ አነሣለሁ። ቀና እላለሁ፣ አሽከረክራለሁ፣ ይወድቃል፣ ጎንበስ እላለሁ። ጉልበቴ ሲደክም ደግሞ ተንበርክኬ ነው የማነሣው። አፌም ዝም አይልም፤ «እባክህ ጌታዬ... ዛሬን ብቻ... በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ» እያልኩ ክሩን እለምነዋለሁ።

አንድ ቀን በዚህ ላይ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እትዬ ጥሩወርቅ በሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ስትመጣ አየኋት። አፍሬ እንዝርቱን ካባዬ ውስጥ ደበቅሁ። እሷ ግን አልተጠጋችኝም። ከሩቅ ቆመች፣ አማተበች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና በመጣችበት ተመለሰች። ጨዋ ሴት፣ አይታ እንዳላየች ሆነችልኝ ብዬ መረቅኋት።

ከማግስቱ ጀምሮ ዓለም ተለወጠች። ቤተ ክርስቲያን ስገባ መንገድ ይለቀቅልኛል። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተን የከረምነው አቶ ግዛው መጥቶ ትከሻዬን ሳመና «የበደልኩዎትን ይተዉልኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። ሚስቱ የሄደችበት ሰው ነው ብለው አዝነውልኝ ነው አልኩ። ጥፋተኛው እኔ ብሆንም ይቅር አልኩት።

ያስከፋኝ ምግቡ ነው። የሺ ከሄደች ወዲህ ሴቶቹ እሑድ እሑድ በዕቃ ወጥ ያስይዙኝ ነበር። ዕቃውን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ደርሼ ብከፍተው ንፍሮ! በሚቀጥለው ሳምንት ቆሎ። በሚቀጥለው ዘይት ያልነካው ሽሮ። ጾም አይደለም፣ ምን አይደለም! በፍስክ ቀን ንፍሮ ታቅፌ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩና ምን አጠፋሁ አልኩ።

በዲቪ ገና የመጣ ብሩክ የሚባል ጎልማሳ ሺፍት ይቀበለኛል። አንድ ቀን ቡዙን ሳስረክበው ወንበሩ ላይ አልቀመጥ አለ።

«አባ፣ ነገ ኢንተርቪው አለኝ። በጸሎትዎ ያስቡኝ።»

«አስብሃለሁ ልጄ» አልኩት። አባ ያለኝ እንደ አባት አይቶኝ ነው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ? ሥራውን አገኘ። ከዚያ ወዲህማ ወሬው ክንፍ አወጣ። በምሳ ሰዓቴ ሐይቁ ዳር ከሩቅ ቆመው የሚያማትቡ ሰዎች በዙ። እኔ ደግሞ ሰው በዛ ብዬ ወደ ዛፉ ጀርባ ሸሸሁ። እሱንም ሰው መሸሽ ጀመረ፣ ባሕታዊ ሊሆን ነው አሉት።

በመሐል ጌሪ ደወለልኝ። ጅራፉን ገምዶ ጨርሶ ሳኒቬል አፓርታማው ግቢ ውስጥ ቢያጮኸው ጎረቤቶቹ ተኩስ ነው ብለው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ መጥተው መሬት ላይ ካስተኙት በኋላ ነገሩን አስረዳቸው። አንደኛው ፖሊስ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብሎ አጩኾ የገዛ ጆሮውን መታ። «ክቡር ጌታዬ፣ በሕይወቴ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም» ይለኛል ጌሪ። «እርስዎስ እንዴት ሆኑ?» እኔ አውራ ጣት የሚያህል ጓጓላ ክር ይዤ ተቀምጫለሁ። ማስረከቢያው ቅዳሜ ነው። እዚያ ቅዳሜ ላይ እንዳልተገኘሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ድስቶቹን ማን እንዳጠባቸው አላውቅም።

ምክንያቱም ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

የየሺ ድምፅ ነው። የሺ ስትቆጣ ብቻ ነው አንቱ የምትለኝ፤ በትዳራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ብላኛለች፤ አንዱንም አልረሳሁም።

«የሺ? ምን ሆነሻል?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ባል የነበረኝ ሴት ነኝ። አባ ማን ልበል? የምንኩስና ስምዎን አልነገሩኝም።»

«የምን ምንኩስና ነው?»

«ሚስት ሳትፈቅድ የሚያመነኩስ ገዳም ከወዴት አገኙ? ሐይቅ ዳር ነው አሉኝ። ጥሩወርቅ በዓይኗ አይታለች፤ ቆብ ደፍቶ፣ ገመድ ታጥቆ፣ እያለቀሰ ሲሰግድ። ዳላስ ያለው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለኝ ነው! እኔ ለልጅ ልጄ ጡጦ ስይዝ እርስዎ መንግሥተ ሰማያት ቀድመው ሊገቡ?»

ያኔ ገባኝ። መንገድ መለቀቁ፣ ንፍሮው፣ አቶ ግዛው። ወዲያው መካድ ነበረብኝ። አልካድኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከሄደች ጀምሮ «በልተሃል? መድኃኒትህን ወስደሃል?» ነበር ንግግሯ፤ ለጎረቤት ሽማግሌም እንደዚያ ይባላል። አሁን ግን ተናዳለች። በእኔ መነጠቅ ተናዳለች። ትንሽ ልስማው ብዬ ነው፤ ፍረዱኝ።

«ብመነኩስስ?» አልኳት።

«ብትመነኩስ? ብትመነኩስማ እመጣና ቆቡን ከነጸጉርህ ነው የምነቅለው! የት አባክ!»

ወደ «አንተ» ተመለሰች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«ኧረ አልመነኮስኩም። እየፈተልኩ ነው።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ፈትል። ጥጥ።» የባሮኑን፣ የካባውን፣ የፈተናውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት።

ሳቋ መጣ። የሺ ስትስቅ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚፈነዳው። እኔም ሳቅሁ። እውነት ልንገራችሁ፣ ግማሹ ሳቅ አልነበረም።

«አላምንህም» አለች። «ስልኩን ስፒከር አድርገውና ፍተል። ልስማህ።»

ቁልፉን ተጫንኩ። «በል!» ስትል ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። ከሄደች ወዲህ ያ ቤት የሴት ድምፅ አልሰማም፤ እኔም እንዝርቱም ደነገጥን። አሽከረከርኩ። ጧ! ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ወደቀ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ጥጡን አብዝተህ ነው የያዝከው። ጣትህን ላላ አድርግ፤ አትነቀው፣ ዶሮ አይደለም። አሁን እንዝርቱን ጭንህ ላይ አሽከርክረህ ልቀቀው። በአየር ላይ ሲዞር ክንድህን ከፍ፣ ከፍ... አትቸኩል።»

ለቀቅሁት። ዞረ። ክሩ ከጣቴ እየቀጠነ ወጣ። አልተበጠሰም። የሺም እዚያ ሆና ትንፋሿን ይዛለች፤ ይሰማኛል።

«እየዞረ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እየዞረ ነው።»

«ጎሽ። እንዲያ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ስትፈትል አጠገቧ ጋዜጣ አነብ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳን ዓይኔን አንሥቼ እጇን አላየሁም። አሁን የማየው አጥቼ በጆሮዬ እማራለሁ።

ድንገት «ቆይ እስቲ» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ በምንድነው የምትፈትለው?»

የምታየኝ ይመስል እንዝርቱን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«እንዝርቴን አላየሁትም አላልከኝም? ሁለት ጊዜ ጠይቄህ፣ ሁለቱንም ጊዜ እየፈለግሁ ነው አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«የት ነበር?»

«ቴሌቪዥኑ ላይ።»

«ታዲያ ለምን?»

የሚያስቅ መልስ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አይጠፋኝም ነበር፤ ያን ቀን ጠፋኝ። «ከላክሁልሽ አትመለሺም ብዬ» አልኩ።

የተቋረጠ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ቁልፉን አየሁ፤ ቀይ መብራቱ በርቷል።

«አንተ» አለች በመጨረሻ፤ ቁጣ የለበትም። «ቴክሳስ ውስጥ ጥጥ ጠፍቶ መሰለህ? መንገዱ ግራና ቀኝ ጥጥ ነው። እንዝርትም የሰናይት ጎረቤት ሰጥታኛለች፤ ሁለት አላት።»

«ታዲያ ያንን ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ይዘኸው ትመጣለህ ብዬ ነዋ። ሰናይት ብትለምንህ ሥራዬን ለማን ጥዬ አልክ። እኔ ና ብዬ ብለምንህ አሻፈረኝ ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ዕቃ ላደርስ መጣሁ ለማለት ይመችሃል ብዬ እኮ ነው። አንተ ደግሞ ደበቅከው።»

እንግዲህ የሚፈርድብኝ ሰው እንኳን የለም፤ ራሴው በራሴ ፈረድኩ። እኔ እዚያ እንዳትቀር ዕቃዋን ደብቄ፣ እሷ እዚያ እንድመጣ ዕቃዋን ጠይቃ፣ ያን ሁሉ ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ» ስንባባል ከረምን።

ልመልስላት ስል ሕፃኗ አለቀሰች። «ቆየኝ፣ እንዳትዘጋው» ብላ ስልኩን አስቀመጠችውና ሄደች።

አልዘጋሁትም። ስፒከሩ እንደበራ ነው። ዳላስ ያለው ቤት እኔ ሳሎን ገባ፤ ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ሲጎትት፣ ውኃ ሲከፈት፣ የሆነ ክዳን ሲወድቅ፣ ቀጥሎ እሹሩሩዋ። ድሮ ለሰናይት ያለችውን ነው የምትለው፤ እዚያው የምትሳሳትበት ቦታ ላይ ስትደርስ አሁንም ተሳሳተች። ሕፃኗ ዝም አለች። እኔም ክሩ ጣቴ ላይ እንደተጠመጠመ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ሥራዬ አሰብኩ፣ ስለ አማቼ አሰብኩ፣ ስለ ባሮኑም ትንሽ አሰብኩ።

ነጠላ ጫማው ተመልሶ መጣ።

«አለህ?» አለች።

«መጣሁ» አልኳት።